እትዬ አፍንጫ

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ስሟ ተረስቶ «እትዬ አፍንጫ» መባል ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ከወሊድ ክፍል የመጣውን አንሶላ ገና ከጆንያው ስታወጣው «ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ ያለችውን እዩዋት» ትላለች። ነርሶቹ መጀመሪያ ሳቁባት። ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስቱንም ጊዜ ማህፀኗ የመረቀዘ አራስ ሲያገኙ ግን ሳቁ ቀረና ራሳቸው ጨርቅ ይዘው «እትዬ፣ እስቲ ያሽትቱልን» እያሉ ይመላለሱባት ጀመር። እሷም ኩራቷን አልደበቀችም። ዕድሜ ልኳን የሰው እድፍ ላጠበች ሴት ይህች ክብር በዛች የሚል ካለ አንድ ቀን መጥቶ ይጠብ።

ችግሩ፣ አፍንጫዋ መሥራት ካቆመ ስምንት ወር ሆኖታል። አንድ ክፉ ጉንፋን ይዟት ከረመና ሲለቃት ማሽተቷን ይዞባት ሄደ። በረኪናው እንኳ ዓይኗን ያቃጥላታል እንጂ አይሸታትም። ለማንም አልተናገረችም። ጨርቅ ሲያመጡላት ቀለሙን አይታ በግምት ትመልሳለች። ባለፈው ወር አዋላጇ የአራት ቁጥሯን ጨርቅ ይዛ መጥታ ነበር። «ንጹህ ነው» አለቻት፤ ሴትዮዋም ወደ ቤቷ ተሸኘች።

ከዚያ የገዛ ልጇ ተራ ደረሰ። አንድ ቀን ተኩል አምጣ፣ የሽርት ውሃው ከፈሰሰ ብዙ ቆይቶ፣ በኦፕራሲዮን ወለደች። ቤት በገባች በሁለተኛው ቀን ጠዋት አተኮሳት። ባሏ ሆስፒታል እንሂድ ቢል ልጅቷ ራሷ እምቢ አለች።

«ጨርቄን የምታጥበው እማዬ አይደለች? ክፉ ነገር ቢኖር ቀድማ ታውቅ ነበር።»

እናትየዋ ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ምንም የለም። የወተት ትኩሳት ነው፣ ጡት ሲያግት እንዲህ ያደርጋል አለቻቸው።

እኩለ ቀን ላይ ልጅቷ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ከእምብርቷ በታች ብርድ ልብሱ ሲነካት እንኳ ታቃስታለች። ባልየው ከሥራ ገብቶ ወደ አልጋው ሲጠጋ እጁ ሳያስበው አፍንጫውን ያዘ። ወዲያው አፍሮ አወረደው። እናትየዋ ግን አይታዋለች።

«ታክሲ ጥራ» አለችው።

የተቀበለቻቸው ያችው አዋላጅ ነበረች። እትዬ አፍንጫን ስታይ ፊቷ ፈታ አለ፤ ጨርቋ ሽታ ነበረው ወይ ብላ ጠየቀቻት። እናትየዋ ልጇን አየች። ከዚህ ወዲያ ስሟና ክብሯ ገደል ይግባ።

«እኔ እንጃ። ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ስምንት ወር ሆነኝ።»

አዋላጇ የልጅቷ ክንድ ላይ ደም ሥር ፈልጋ መርፌውን ሰካች፣ ጉሉኮሱንና መድኃኒቱን አንጠለጠለች።

ሐኪሙ ወጣት ቢሆንም ቁጣው ያረጀ ሰው ቁጣ ነበር። የማህፀን መመርቀዝ በምጥ ከሚወልዱ መቶ ሴቶች ሁለት ሦስቱን እንደሚይዝ፣ በኦፕራሲዮን የወለዱትን ግን እጅግ አብዝቶ እንደሚይዝ ነገራቸው። ምጥ ሲረዝም፣ የሽርት ውሃ ቀድሞ ሲፈስ፣ ምርመራ ሲደጋገም፣ ከታች ያለው ተህዋስ ወደ ማህፀን ይወጣል። ቀጥሎ ወደ አዋላጇ ዞረ። አንዳንዱ ጭራሽ አይሸትም፤ ትኩሳቱና የሆዷ ሕመም እያለ በአፍንጫ መፍረድን ማን አስተማራችሁ አላት። አዋላጇ አንገቷን ደፋች።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀ። ልጅቷ ሕፃኑን አቅፋ ስታጠባ እናትየዋ ኮሪደር ወጥታ እፎይ ብላ አለቀሰች። ዕንባዋን ጠርጋ ወደ አዋላጇ ሄደች።

«የአራት ቁጥሯን ስልክ ስጪኝ።»

አዋላጇ ካርዱን ቀድሞውኑ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ነበር። መደወል አቅቷት ነው።

ስልኩን አንድ ወንድ አነሳ። ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል። እትዬ አፍንጫ ከሆስፒታል መሆኗን ተናግራ አራሷ እንዴት እንደሆነች ጠየቀች።

«እሷማ አረፈች» አለ ሰውየው። «ቤት በገባች በሳምንቷ። ትኩሳት ነበራት፤ እናንተ ደህና ናት ስላላችሁን የወተት መስሎን ነው።»

ልትናገር አፏን ከፈተች። ሰውየው ግን ሕፃኑን እያባበለ ቀደማት።

«ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል አስታውሳችሁ ስለጠየቃችሁን እግዜር ይስጥልን።»