ሁለት ለአንድ

«እሱ ነው እንግዲህ!» አለች አክስትየዋ፣ ቴርሞሱን በሁለት እጇ እንደያዘች በአገጯ ወደ ሹፌሩ እየጠቆመች። «ወንድሜ ጥፋት የለበትም ብሎ የጻፈለት ሰው። ሁለቱ ዳኞች በድምፅ በልጠውት ነው እንጂ ወንድሜስ አልፈረደበትም። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት እግሩ ከዚህ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። ከወለዱት ይሻላል!»

የተወለደችው፣ የሟቹ ልጅ፣ እዚያው አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። አልከፋትም፤ የአክስቷን አፍ ለምዳዋለች። ዓይኗን የሳበችው እንግዳዋ ናት። ሽበታሟ ሴትዮ ቡና ልትቀበል የዘረጋችውን እጅ መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችና ወንበር የሚደረድረውን ሹፌር ትኩር ብላ አየችው።

«አውቶቡሱን ይነዳ የነበረው?» አለች ቀስ ብላ።

«ራሱ ነዋ!» አለች አክስትየዋ።

ሴትዮዋ ተነሥታ ወደ ኋላው ወንበር ሄደች።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሟቹ ሠላሳ አንድ ዓመት የፈረደ፣ ከዚያ ውስጥ ሃያውን የይግባኝ ሰሚ ችሎት ሰብሳቢ ሆኖ የተቀመጠ ዳኛ ነበር። ጠበቆች በሌለበት «ጋሽ ቆይ» ይሉታል። የሌላውን ንግግር ያቋረጠ ሁሉ፣ ባለሥልጣንም ይሁን ምስክር፣ «ቆይ!» ይባል ነበርና። ዛሬ ሳሎኑን የሞሉት እነዚያው «ቆይ» ሲባሉ ያረጁ ጠበቆች ናቸው። ጥግ ጥጉን ይዘው ስለ ሟቹ ያንሾካሽካሉ፤ የሹፌሩንም ታሪክ ለማያውቅ ያወራሉ። ሰው ሲሞት ደግነቱ ይበዛል፤ የዚህ ሰው ደግነት ግን ማስረጃው ራሱ ወንበር እየደረደረ ነበር።

ልጅቷ ታሪኩን ከሁሉም በፊት ታውቀዋለች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ከሰዓት በኋላ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ፀጉሩ ገና በቅጡ ያልበቀለ ሰው ብርቱካን የሞላ ላስቲክ ይዞ ቆሟል። ከእስር ቤት ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው። አውቶቡሱ ፍሬን እምቢ ብሎት ከድልድይ ወርዶ አራት ሰው ሞቶበት ነበር። ፍሬኑ እንደማይዝ ለጥገና ክፍሉ ሦስት ጊዜ ጽፏል፤ ሦስቱም ደብዳቤዎች መዝገቡ ውስጥ አሉ። ቢሆንም ሰባት ዓመት ተፈረደበት፣ ይግባኝ ሰሚውም ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ አጸናው። በዚያ ፍርድ ቤት ከአብላጫው የተለየው ዳኛ ሐሳብ በችሎት አይነበብም፤ ከመዝገቡ ጋር ተሰፍቶ ይቀመጣል። ከሦስቱ አንዱ እንደተለየለት ለሹፌሩ ሹክ ያለው የእስር ቤቱ ጸሐፊ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን ጸሐፊውም አያውቅም።

«እርስዎ ነዎት፣ አይደል?» አለ ሹፌሩ አባቷን ገና ሲያየው። «ሲፈረድብኝ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

አባቷ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ግባ፣ ተቀመጥ» አለው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ልጅቷ ጠበቃ እሆናለሁ ያለችው በዚያ ቀን ነው።

ማምሻውን ለቀስተኛው ሲሳሳ ሽበታሟ ሴትዮ ስኒ ላጥብ ብላ ወደ ኩሽና ገባች። ልጅቷ ልትከለክላት ተከተለቻት።

«አባትሽ ነው የነገራችሁ?» አለች ሴትዮዋ ፊቷን ሳታዞር።

«ምኑን?»

«የልዩነቱን ሐሳብ እኔ ጻፍኩት ብሎ።»

«እሱማ መቼ እመካ ባይ ነበር! ሰው ሲያነሣው ነው እንጂ… በኋላ በኋላ ግን ለሕግ ተማሪዎች ያስተምረው ነበር። ምነው?»

ሴትዮዋ ቧንቧውን ዘጋችው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ልጄ፣ በዚያ መዝገብ ሦስተኛዋ ዳኛ እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ አባቴ…»

«ልማዳችንን ታውቂያለሽ። ድምፅ ሲሰጥ ከታናሽ ይጀመራል። ታናሾቹ አለቃቸውን ፈርተው እንዳይከተሉ ሰብሳቢው መጨረሻ ነው የሚናገረው። እኔ ቀድሜ ይለቀቅ አልኩ። መካከለኛው ይጽና አለ። አንድ ለአንድ ሆንን። አባትሽ ብዕሩን አስቀምጦ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። የአደጋው ሟቾች ቤተሰብ ግቢውን ጢም አድርጎት ነበር። ‹ይህ ሁሉ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም› አለን። ‹ይጽና።›»

ልጅቷ ሳቀች፤ የንዴት ሳቅ። «አይሆንም! ጽሑፉን እኮ በቃሌ ነው የማውቀው። ‹አደጋ ይመጣል ብሎ የጮኸ ሰው…›»

«‹…ጩኸቱን እየሰማ ከተኛው ጋር እኩል አይጠየቅም›» ብላ ጨረሰችላት ሴትዮዋ። «‹እኩል ከተጠየቀማ ነገ የሚጮህ አይገኝም።› ይሄን ሁለተኛውን አላስተማራችሁም?»

ሁለተኛውን ሰምታው አታውቅም። የመጀመሪያውን ግን የመጀመሪያ ጉዳይዋን ረትታበታለች፤ ያን ቀን አባቷ ትከሻዋን ቸብ አድርጎ «የአባትሽ ልጅ!» ብሏታል።

«ታዲያ ለምን መጡ? ይሄን ያህል መንገድ?»

«ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነዋ። ታናሽ ቀድሞ ይናገር የሚለውን ስንቱ ሰብሳቢ እንደሚያፌዝበት ባየሽ! አባትሽ ግን አንድ ቀን አላጓደለውም። ይሄን ወሬ ዛሬ ነው የሰማሁት። ለአክስትሽ ምን እላታለሁ? ላንቺ ዝም ማለት ግን አቃተኝ።»

በማግስቱ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች መዝገብ ቤት ሄደች። ሠራተኛው «በሐዘን ቀን ደግሞ ምን ሥራ አለሽ?» እያለ መዝገቡን አቧራውን አራግፎ ሰጣት። ከአብላጫው ፍርድ ሥር ከትምህርት ቤት ሰርተፊኬቶቿ ጀምሮ የምታውቀው የአባቷ ፊርማ ተቀምጧል። የመጨረሻው ገጽ የሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ ነው። አነበበችው፣ ደገመችው፣ መዝገቡን መለሰች።

ዳኛ መሳሳቱ አይደለም ያንገበገባት። ጠበቃ ናት፣ ስንት የተሳሳተ ፍርድ አይታለች። አባቷ ያን ሰው አሥራ አንድ ዓመት ያለደመወዝ መኪናውን አስነዳው! ሹፌሩ ቧንቧ ሲፈስ ያስጠግናል፣ አባቷ ሲታመም ሆስፒታል ያድራል። አሳንሰሩ የተበላሸ ቀን አባቷን በጀርባው አዝሎ ሦስት ፎቅ ሲወጣ «አይዞዎት፣ ደረስን» ይለው ነበር። አባቷ እዚያ ጀርባ ላይ ሆኖ ምን ያስብ ነበር? እሷስ ለማን ብላ ነው ጠበቃ የሆነችው? የሞተው ሰው ሌላ ሆኖባት፣ ለማን እንደምታለቅስ ጠፋት።

ለቅሶው ሊበተን አንድ ቀን ሲቀረው ሹፌሩ ከመኪናው አጠገብ ጠራት። ነገ ከለቀስተኛው ሁሉ ፊት እንዲናገር አክስትየዋ አዛዋለች።

«እስቲ እይልኝ፣ የኔ ልጅ» ብሎ የታጠፈ ወረቀት ሰጣት። «እኔ የመኪና መሪ ሰው ነኝ፣ ብዕር አይገራልኝም። ስህተት ካለው አርሚልኝ።»

«ክቡር ዳኛ» ይላል ወረቀቱ፣ «ሁለት ለአንድ በተባለ ጊዜ አንዱ እርስዎ ነበሩ። ሰባት ዓመት የታሰርኩት ብቻዬን አልነበረም።»

ዝም ብትል ነገ ይህ ይነበባል፤ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ ሹፌሩም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዝም ማለት ቀላል ነው። አባቷም ያደረገው ይሄንኑ ነው።

«ጋሼ፣ ስህተት አለው» አለችው።

«ፊደሉ ነው?»

«ፊደሉ ደህና ነው።»

ነገረችው። ማን ቀድሞ እንደተናገረ፣ አንድ ለአንድ ሲሆኑ የማን ድምፅ ቀርቶ እንደነበር፣ መዝገቡ ላይ ያየችውን ፊርማ። ሹፌሩ መኪናውን ተደግፎ ሰማት። አልጮኸም። ወረቀቱን ተቀብሎ አጣጠፈው፣ ደግሞ አጣጠፈው።

«ሰባቱስ ዓመት እሺ» አለ በመጨረሻ። «ዳኛ ነው፣ ይፈርዳል። ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ምስጋናዬን ግን ለምን ወሰደው? የሰው ምስጋና ነበር እኮ!»

«ዝም ልልህ አስቤ ነበር» አለች።

«ዝም ብትይኝ ኖሮ አንቺንም አጣሽ ነበር።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ማናት?»

«ከሩቅ የመጣችው፣ ሽበታሟ። ከኋላ የምትቀመጠው።»

«ውሃ እንኳ አላቀረብኩላትም» አለና የመኪናውን ቁልፍ እጇ ላይ አኑሮ በእግሩ ሄደ።

በመጨረሻው ቀን ሳሎኑ ሞልቶ በረንዳው ላይ ሁሉ ወንበር ወጥቷል። ሹፌሩ አረፋፍዶ መጣ። ሁለት ጠበቆችና አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ ከተናገሩ በኋላ አክስትየዋ አፍንጫዋን ጠረግ አድርጋ «አሁን ደግሞ ምስክራችን ይናገር!» አለች።

ሹፌሩ ተነሣ። ወረቀት አልያዘም። ከፎቶው አጠገብ እንዲቆም መንገድ ከፈቱለት፤ እሱ ግን ዞሮ በወንበሮቹ መሐል ወደ ኋላ ሄደ። ሽበታሟ ሴትዮ ደንግጣ ልትነሣ ስትል አጎንብሶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«እትዬ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ዘግይቻለሁ» አለ፣ የፊተኛው ረድፍ ሁሉ እስኪሰማው። «አመሰግናለሁ።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች።

ልጅቷ ከፊት ወንበሯ ተነሥታ ቆመች፤ ዳኛ ወደ ችሎት ሲገባ እንደሚቆሙት ቀጥ ብላ። አባቷ ከሞተ ጀምሮ እምቢ ያለ እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ። እሷን ያዩ ጠበቆች ተነሡ። የቀረውም ለቀስተኛ ነገሩ ባይገባው የኅሊና ጸሎት መስሎት አንድ በአንድ ተነሣ፤ በረንዳው ላይ ያሉትም ሳይቀሩ ቆሙ። ከኋላ የሆነውን ያላየችው አክስትየዋ በወንድሟ ፎቶ ላይ ዓይኗን ተክላ ስቅስቅ አለች።

«አየሽልኝ? ቤቱ በሙሉ ለወንድሜ ተነሣለት!»

«ለእሱ አይደለም፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ። የአክስቷን ትከሻ በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀስ አድርጋ ወደ ኋላ አዞረቻት።