በሰንበት የሚያርፍ ድምፅ

በድሉ ከሞተ እነሆ አርባ አምስተኛ ቀኑ፤ ስልኩ ግን አሁንም ይጣራል። እንደ ማንኛውም ስልክ የሚጮህ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። በራሱ በበድሉ ድምፅ፣ በዚያ ሻከር ባለ ድምፁ፣ «አንተ በድሉ! ተነስ! ደረሰ!» ይላል። አንዴ ብሎ ጭጭ።

ሚስቱ መዓዛ ይህን ለወልደየስ የነገረችው በአርባው ዕለት ነበር፤ ከዴንቨር ጎን ባለችው የአሜሪካ ከተማ አውሮራ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ፣ እንግዳው በልቶ ሲበተን። ወልደየስ የባሏ የቅርብ ጓደኛ ነው፤ ከቤቷ ውጭ ለሌላ ለማንም አልተነፈሰችም።

«ወልዴ፣ አበደች እንዳትለኝ» አለችው ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። «ራሱን ነው የሚጠራው። ተነስ ይላል። ምኑ ነው የደረሰው? ስልኩ ተቆልፏል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ደግሞ ልብ ብዬዋለሁ፤ የሚጠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፣ ያውም ከሰዓት በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ። ቅዳሜና እሁድ ትንፍሽ አይልም። ነፍሳት በሰንበት ያርፋሉ ይባል የለ? የእኔ በድሉ የሚያርፈው በሁለቱ ሰንበት ብቻ ነው ማለት ነው። ሌላውን ቀን ምን እያደረጉት ነው?»

ወልደየስ መልሱን ያውቀዋል። ቅዳሜና እሁድ የአክሲዮን ገበያ ዝግ ነው፤ በአዘቦቱም ቀን በዴንቨር ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ ሰባት ተኩል ተከፍቶ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። በቃ ይኸው ነው! ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ የሴትየዋን ጭንቅ ማቅለል ይችል ነበር። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ «ጸልዪ መዓዚ» አላት። አይ ወልደየስ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ዳውንታውን ዴንቨር አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። አክሲዮኑን ያመጣው ወልደየስ ነው፤ ከመሬት ሥር ከሚወጣ ጨዋማ ውሃ አዮዲን የሚያጣራ፣ ኬሚካልም የሚቀምም፣ ስሙን ሰፈሩ የማያውቀው ኩባንያ። ወልደየስን የአክሲዮን አዋቂ ያደረገው ማን ነው? ራሱ ነዋ! ሁለት ቪዲዮ አየ፣ አንድ ሪፖርት እስከ ግማሽ አነበበ፣ ከዚያ ቴሌግራም ላይ «አዮዲን» የሚል ግሩፕ ከፈተ። ኤርፖርት የሚሠራው ሾፌር እንዳልክ ገባ፣ አዛውንት የምትንከባከበው ሠርካዲስ ገባች፣ ሰባት ሆኑ። ቀኑን ሙሉ ወሬ ነው። አዲስ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ነው አሉ። ትልቅ ኩባንያ ሊገዛቸው ነው አሉ። «አሉ» ባዩ ማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

በድሉ ያለችውን ጥሪት በሙሉ አስገባ። መዓዛ እንዲህ ያለውን ነገር ቁማር ስለምትለው አልነገራትም። ሥራ ላይ እንቅልፍ እየጣለው ያስቸግረው ነበርና፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ስልኩ እንዲጮህለት አደረገ፤ ማስጠንቀቂያውንም ትኬት መቁረጫዋ ክፍል ውስጥ እየሳቀ በራሱ ድምፅ ቀዳው። «አንተ በድሉ! ተነስ! ደረሰ!» ያን ቀን ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ከዚያ ሆዱን ያመው ጀመር። ሐኪሙ ሲቲ ስካን ይነሳ አለ፤ ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ በደም ሥሩ አዮዲን ያለበት መድኃኒት ይሰጠዋል። በድሉ ይህን ሲሰማ ሥቃዩንም ረሳው። «ለኩባንያችን አንድ ደንበኛ ጨመርኩለት!» ብሎ ግሩፑን በሳቅ ገደለው። ግን ኢንሹራንሱ መክፈል የሚጀምረው እሱ በመጀመሪያ ከኪሱ ከከፈለ በኋላ ነው፤ ኪሱ ደግሞ ባዶ ነው። ከአክሲዮኑ ትንሽ ልሽጥ ወይ ብሎ ወልደየስን ጠየቀው።

ወልደየስ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መለሰለት። አሥራ አራት ሰከንድ ብትሆን ነው። ያቺ አሥራ አራት ሰከንድ ይኸው እንቅልፍ ነስታዋለች።

ጠብቅ የተባለው ሁለት ሳምንት ሁለት ወር ሆነ። በድሉ አንድ ማክሰኞ የሕንፃው አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ወድቆ ተገኘ። ሆዱ ውስጥ ያለ ትልቅ የደም ሥር አብጦ ኖሮ ፈንድቷል። ስካን ቢነሳ ኖሮ ይታይ ነበር ብለው ሐኪሞቹ ለመዓዛ ነገሯት። ታዲያ ለምን አልሄደም? እያለች ለቀስተኛውን ሁሉ ጠየቀች፤ ወልደየስ ከለቀስተኛው መሃል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር።

በአርባው ዕለት ስለ ድምፁ ከሰማ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ትኬት ሲቆርጥ ዓይኑ የራሱ ስልክ ላይ ነው። ዋጋው ከፍ ሲል፣ «አሁን አውሮራ እየተጣራ ነው» ይላል ለራሱ፤ ሳያስበው ወደ ደረጃው ዞር ብሎ ያያል። ያለውን ሁሉ ያፈሰሰበት አክሲዮን እንዲወርድለት መለመን ጀመረ። አክሲዮኑ ግን ሰው ሲሞትበት ነው መሰል ነፍስ የዘራው፣ በየቀኑ ይወጣል።

ረቡዕ ዕለት የበድሉ ልጅ ሊዲያ ደወለችለት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለደችው። «ጋሽ ወልዴ፣ ማሚ ስሊፕ አታደርግም፤ ሺ ኢዝ ሶ ስኬርድ። ቅዳሜ ሃቫና ጎዳና ያለው የስልክ ሱቅ ወስጄ አንሎክ አስደርገዋለሁ፣ ኦኬ?»

ወልደየስ ክው አለ። ያቺ የላካት የድምፅ መልእክት እዚያ ስልክ ውስጥ ናት፤ ከተከፈተ ትሰማለች። «የኔ ልጅ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ» አላት ቶሎ ብሎ። «ነገ መጥቼ አየዋለሁ።» የስልኩ ቁልፍ የሥራ ቦታቸው በር ቁልፍ ቁጥር መሆኑን እኮ ከመጀመሪያው ያውቃል!

ሐሙስ ጠዋት ፈቃድ ጠይቆ በባቡር አውሮራ ሄደ። መዓዛ ስልኩን ሥዕለ ማርያም ሥር ቻርጅ ላይ አኑራዋለች፤ በሁለት እጇ አንስታ ሰጠችውና ሻይ ልታፈላ ወጥ ቤት ገባች። ወልደየስ አራቱን ቁጥር ነካ ነካ አደረገ። ተከፈተ። የራሱ መልእክት አለች። ከሥሯ የበድሉ መልስ ተጽፏል፦ «እሺ ወልዴ፣ አንተ ካልክ።»

ጣቱን መልእክቷ ላይ አሳረፈ። ይጥፋ ወይ ብሎ ስልኩ ጠየቀው።

«አንተ በድሉ! ተነስ! ደረሰ!»

እጁ ውስጥ ነው የጮኸው። ስልኩን ሊጥለው ምንም አልቀረው። ዋጋው ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ሃያ ዶላር ገብቷል። መዓዛ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«ሰማህልኝ?» አለችው።

«ሰማሁ። መዓዚ፣ እስቲ ተቀመጪ።»

ስለ አክሲዮኑ ነገራት። ገበያው በሰንበት እንደሚዘጋ፣ ድምፁንም በድሉ ራሱ እየሳቀ እንደቀዳው ነገራት። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ እየተፈታ መጣ። «እየተሠቃየ አይደለም በለኛ?»

«አይደለም። ማሽን ነው።»

«ተመስገን!» ብላ ሦስት ጊዜ አማተበች፤ ስታለቅስም ስትስቅም ነበር። ተነሥታ ትከሻውን ሳመችው። «ወልዴ፣ አንተ ባትኖርልን ምን እሆን ነበር? እግዜር ውለታህን ይክፈልህ!»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ያልፍለት ነበር። ምርቃቱን ግን አልቻለውም። ማጥፋቱን ትቶ መልእክቷን ነካት፤ የገዛ ድምፁ ሳሎኑን ሞላው።

«በድሉ፣ እንዳትሸጥ! ሁለት ሳምንት ብቻ ታገስ፣ ሃያ ይገባል ስልህ! ምርመራው የት ይሄድብሃል? ሆድ ቁርጠት ሰው ገድሎ አያውቅም!» መጨረሻው ላይ ይስቃል።

መዓዛ «ድገመው» አለች። ደገመው። ወልደየስ ብትሰድበው፣ ብርጭቆውን ብትወረውርበት በወደደ።

«አሁን ደረሰ ያለው ሃያውን ነው?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ። ዛሬ ገባ።»

«ገንዘቡ ለልጄ ነው። ወረቀቱን ከሊዲያ ጋር ጨርሱት።» ስልኩን ገፋ አደረገችለት። «ይሄን ግን ውሰደው።»

«ላጥፋልሽ?»

«እንዳታጠፋው! ድምፁንም እንዳትቀይረው። አክሲዮኑ ተሸጦም ይጣራል አይደል? ይጣራ። አርባ አምስት ቀን የጠራው እኔን መስሎኝ ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ለካ ቤት ተሳስቶ ነው።»

ዓርብ ጠዋት ወልደየስ ሁለት ስልክ ፊቱ ደርድሮ ሥራ ገባ። ሰባት ተኩል አለፍ ሲል አንዲት ሴት በመኪናዋ መስኮት ትኬቷን ዘረጋችለት፤ ሊቀበላት እጁን ሲሰድ በድሉ ተጣራ። ሴትየዋ ማነው እሱ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። የሥራ ባልደረባዬ ነው አላት። መሄጃዋን ከፍቶላት ወደ ደረጃው ዞሮ አየ፤ ማንም የለም። ነገ ቅዳሜ ነው። ገበያው እስኪዘጋ ግን ገና ስድስት ሰዓት ይቀረዋል።