ኮምፒውተሩን ማን በላው

ደግሞ ሰማያዊ፣ ይኸው፣ ዛሬ ብቻ አምስተኛ ጊዜው፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ የሄቨን ትራንስክሪፕት ግማሽ ላይ ደርሶ፣ ታሪክ ሰባ ስምንት፣ ጂኦግራፊ ሰማንያ አንድ፣ ባዮሎጂ ልትል ጣቷን ስታነሳ ድርግም፣ ያ ሰማያዊ ስክሪን፣ ያቺ የተከፋች ፊት፣ ከሥሯ በእንግሊዝኛ ይቅርታ የሚመስል ነገር፣ ይቅርታ! ይቅርታ ሊላት የሚገባውስ ስንቱ ነው፣ ከሰው ኮምፒውተር ተሻለ በሉኛ፣ ትላለች ምሕረት በሆዷ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ በመስኮቱ በኩል ተማሪዋ ሄቨን ደረሰልኝ እንዴ እትዬ ትላለች፣ ትንሽ ታገሺኝ የኔ እናት፣ ትንሽ ብቻ፣ ምን ትበላት።

ዘጠኝ ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሪከርድ ክፍሉን ቁልፍ ታስረክባለች። ርዕሰ መምህሩ አቶ አንዷለም ትናንት አስጠሯት፣ ተቀመጪ አሉ፣ እሳቸው ተቀመጪ ሲሉ ነገር አለ፣ ምሕረት ለጊዜው ግምጃ ቤት ብትሆኚ ምን ይመስልሻል፣ እንደ ቅጣት አትይው፣ ላንቺም እረፍት ነው። እረፍት! ስድስት ዓመት ሙሉ የዚህን ትምህርት ቤት ማህደር ከጆንያ አውጥታ፣ አይጥ የቀረጠፈውን በማጣበቂያ ለጥፋ፣ አንድ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባች ሰው፣ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ሁሉ ወረቀቱ በእሷ እጅ ያለፈ፣ አሁን ከተሰበረ ወንበርና ከጠመኔ ካርቶን ጋር ትረፍ። ምክንያቱስ? ምክንያት አልተናገሩም። እዚህ አገር ዋናውን ነገር ማን ይናገራል፣ ዳር ዳሩን ይዞሩታል እንጂ።

የጀመረው ተስፋው ነው። የኮምፒውተር ጥገናው ተስፋው፣ ሁለት ስልክ ወገቡ ላይ የሚሰካው፣ ለእሱ ሁሉም ነገር ቫይረስ ነው፣ እናቱ ራሴን አመመኝ ቢሉት ፎርማት ላርግዎት ይላል። ከፋሲካ ወዲህ ሦስት ጊዜ ፎርማት፣ ሦስት ጊዜ መዝገቡን ሁሉ ገልብጣ መልሳ፣ ሦስት ጊዜ እሱ በደረቱ ገብቶ በደረቱ ወጣ፣ ሁሉንም ጭኜልሻለሁ፣ እንደ አዲስ ሆኗል፣ ክፍት ነው ዘና በይ። ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ ሰማያዊ። ኮምፒውተሩ እሱ ክፍል ግን ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ፊልም ሁሉ ያይበታል፣ ታውቃለች፣ አይታዋለች። እና ባለፈው ሳምንት ኮሪደሩ ላይ፣ መምህራኑ ሻይ ይዘው ቆመው ሳለ፣ እየሳቀ፣ እኔ ጋ ሲሆን ደህና ነው፣ እሷ ጋ ሲሄድ ነው የሚሞተው፣ እንጃ እንግዲህ! አለ። እንጃ እንግዲህ። ይቺን ብቻ ነው ያለው። ሌላ ምን ይበል፣ የቀረውን ሰው ራሱ ሞላው። በማግስቱ የሂሳብ መምህርቷ አዲሱን ስልኳን ምሕረት ስታልፍ ክድን አደረገችው፣ በፊቷ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ብትከተው ይሻል ነበር። አንዱ ደግሞ ከኋላዋ፣ አባቷ ማንኩሳ አይደል ያሉት፣ አዎ ማንኩሳ፣ ምን ነበር ሥራቸው፣ እህ፣ ብረት ነገር።

ብረት ነገር! ንገሩታ፣ ቀጥቃጭ በሉ፣ አፋችሁ ምን ያዘው፣ የቀጥቃጭ ልጅ፣ ከዚያም ያቺኛዋን ቃል ጨምሩባት፣ ቡዳ፣ ዓይኗ ነው የበላው፣ ኮምፒውተር በላች በሉ፣ ኧረ ጉድ ነው፣ ወተት በላች፣ ጥጃ በላች፣ አራስ በላች ስትባል ያደገች፣ አሁን ደግሞ በሠላሳ ዓመቷ ኮምፒውተር በላች፣ ዓለም ሠለጠነ ሲባል የእሷ ሆድ ነው እንዴ የሠለጠነው። ስድስት ወይ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ከምንጭ ውኃ ይዛ ስትመለስ የጎረቤት ሴትዮ ልጇን በነጠላ ሽፍን፣ ያ ነጠላ፣ እስከ ዛሬ ነጭነቱ አይጠፋትም፣ ያቺው ሴትዮ ባሏን በማግስቱ ማረሻ አስይዛ ወደ አባቷ ላከች፣ አባ ቢያዝን ይችን ቶሎ ይሥሩልን ዝናቡ ደረሰ። ከቢያዝን እጅ የወጣ ማረሻ ያረሰውን ጤፍ ይበሉታል፣ ያኔ ዓይን የለም። ማጭዱን፣ መጥረቢያውን፣ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር ከእሱ ወስደው ልጁ ስታልፍ የራሳቸውን ልጅ ይሸፍናሉ። አባቷ ግን አይቆጣም ነበር፣ ይሄ ነው የሚያበግናት፣ ወናፉን እየነፋ፣ ተያቸው ልጄ፣ ብረቱ ያውቀናል። እሷ ግን አትተውም። ብረቱ ቢያውቅስ፣ ብረት ምስክር አይቆም።

ስክሪኑ ጠፍቶ ይበራል። አሥር ሰከንድ ነው የሚቆየው ሰማያዊው፣ ከዚያ እንዳልሆነ ሆኖ ይነሣል፣ እንደ ተስፋው። አሥር ሰከንድ። ቆይ። ከታች የምትታየው ጥቃቅን ጽሑፍ፣ ሁሌ ሳታነባት የምትጠፋው። ስልኳን ታወጣለች። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። አባቷ የተሰበረ ብረት ሲመጣለት መዶሻ አያነሣም፣ መጀመሪያ ያንኳኳዋል፣ በጣቱ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ የት ጋ ነው የታመመው፣ ሲያገኘው ደግሞ አንዱን ብቻ ነው የሚነካ፣ ሁለት ነገር ባንዴ ከነካሽ የትኛው እንዳዳነው በምን ታውቂያለሽ። ተስፋው ሁሉን ባንዴ ያፈርሳል፣ ሁሉን ባንዴ ይገነባል፣ የታመመውንም መልሶ ይገነባዋል እኮ፣ አብሮ!

ስልኳን ደቅና ትጠብቃለች። የሄቨንን ስም እንደገና ትጽፋለች፣ ሂሳብ ሰባ፣ ኬሚስትሪ፣ ድርግም፣ ቀጭ። ያዘቻት። ፎቶውን በሁለት ጣት ትለጥጠዋለች፣ አንድ የፋይል ስም፣ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት። ስሙን ስልኳ ላይ ትጽፋለች፣ ኔትወርኩ ይንፏቀቃል፣ ይንፏቀቃል፣ በስተመጨረሻ ይከፍታል፣ ሕንዱም፣ ብራዚሉም፣ ስሙን የማታውቀው አገር ሰውም፣ ያንኑ ስም ጠቅሶ ያለቅሳል፣ ኮምፒውተሬ ሰማያዊ ሆነብኝ። ሁሉም ቀጥቃጭ አባት አላቸው መሰለኝ። መልሱም አንድ ነው፣ የዋይፋይ መቀበያው ድራይቨር፣ ማለትም ያቺን መቀበያ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያስማማው ፕሮግራም፣ ጠንቀኛ ነው፣ አውጡት።

መቀበያዋ! ያቺ ጥፍር የምታህለው፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተሰካችው፣ አቶ አንዷለም ከቡሬ ከነሲዲዋ ያመጧት። የመጣችው ከጥምቀት በፊት ነው፣ የትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት የተለቀቀው ከፋሲካ በኋላ፣ እስከዚያ የምትቀበለው የላት፣ ተሰክታ ተኝታ ኖረች። ከፋሲካ በኋላ። ሰማያዊውም ከፋሲካ በኋላ። ታዲያ ተስፋው ክፍል ለምን፣ ኮምፒውተሩ እሱ ጋ ሲሄድ ለምን...

ኦ። ኦ፣ አምላኬ።

ንብረት! የንብረት መዝገብ! ኮምፒውተሩ አንድ ንብረት ነው፣ በእሷ ስም የተፈረመ፣ መቀበያዋ ሌላ ንብረት ናት፣ በአቶ አንዷለም ስም የተፈረመች፣ ከክፍሉ እንዳትወጣ የተባለች፣ እና ኮምፒውተሩ ለጥገና በሄደ ቁጥር ምሕረት ራሷ፣ በገዛ እጇ፣ ሕግ አክባሪዋ፣ ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ነው የምትልከው፣ ሲመለስም እሷው ናት የምትሰካው። ሦስት ጊዜ። ሦስት ጊዜ በሽታውን አስቀርታ በሽተኛውን ላከች፣ ተስፋውም ጤነኛውን አክሞ፣ ከዚያው ሲዲ ያንኑ ድራይቨር ጭኖ፣ አዳንኩት አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ሳቅ ያፍናታል፣ ከሳቁ ሥር ንዴቱ፣ ለዚች ጥፍር ነው እንዴ ግምጃ ቤት የምገባው፣ ለዚች ነው ስልክ የተከደነብኝ፣ ደግሞስ እኔ፣ እኔስ ምን ነክቶኝ ነው እስከ ዛሬ ያላነበብኳት፣ ሌሊት ሌሊት እኮ፣ እውነት እኔ እሆን እንዴ ብያለሁ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሁለት ቀን፣ ስክሪኑን በቀጥታ ላለማየት ዓይኔን ወደ ወረቀቱ ሰብሬ ጽፌያለሁ፣ ይሄን ለማንም አልናገርም፣ ይሄ ነው ይቅር የማልላቸው።

አንዱን ብቻ ንኪ። እጇን ከጠረጴዛው ሥር ሰዳ በዳበሳ ትነቅላታለች። ሌላ ምንም አትነካም። ትጽፋለች። አራት ሰዓት፣ ደህና። አራት ተኩል፣ ደህና። ሄቨን ወረቀቷን ይዛ ሄደች፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ አምስት ሰዓት፣ ደህና። መልሳ ትሰካታለች፣ በአራተኛው ደቂቃ ሰማያዊ። እሰይ! በሰማያዊ ስክሪን እሰይ ያለ ሰው ታይቶ ይታወቃል? ትነቅላለች፣ ደህና፣ ትሰካለች፣ ሰማያዊ። አሁን መቀበያዋን ነቅላ ድራይቨሩን ራሱን፣ ስልኩ ላይ እንደተጻፈው፣ ከነሥሩ ታጠፋዋለች፣ ዊንዶው ከራሱ ጓዳ አሮጌውን አውጥቶ ይተካል። የቀረው መቀበያዋን መሰካት ነው፣ ይሄኛውን ጊዜ በዳበሳ አይሆንም፣ በደንብ፣ የስልኳን መብራት አብርታ ከጠረጴዛው ሥር ትንበረከካለች።

እዚያ ነው ያየችው።

ከጠረጴዛው ሆድ ላይ፣ በፕላስተር የተለጠፈ፣ አውራ ጣት የሚያህል ቋጠሮ። ሳትፈታው ሸተታት። ጤና አዳም። ትፈታዋለች፣ የደረቀ ጤና አዳምና አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የቡዳ መከላከያ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በየልጁ አንገት ላይ ስታየው የኖረችው። እሺ። ይሁን። ግን ጨርቁ። ጨርቁን ታውቀዋለች፣ ወይን ጠጅ ላይ ቢጫ ፈርጥ፣ የሰብሊ የጥምቀት ቀሚስ፣ ቡሬ አብረው ሄደው የመረጡት፣ ይሄኛው ያምርብሻል ያለቻት ራሷ ምሕረት ናት። ሰብሊ፣ የርዕሰ መምህሩ ፀሐፊ፣ ሰብሊ ከአንድ ምሳ ዕቃ ስድስት ዓመት፣ ሰብሊ ጉርሻ፣ ሰብሊ የምሕረት እናት ሲሞቱ ሦስት ቀን ማቅ ላይ አብራት የተቀመጠች። በሬ ካራጁ ይውላል ይሉ የለ። ተስፋውስ ተስፋው ነው፣ የሂሳቧም መምህርት የሂሳብ ናት፣ አንቺ ግን፣ አንቺ እኮ፣ ትላለች፣ ጉልበቷ ሲሚንቶው ላይ እንዳለ፣ እንባዋ መጥቶ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ አይወርድም፣ እንቢ፣ አይወርድም።

መቀበያዋን ትሰካለች። ስድስት ሰዓት፣ ደህና። ለምሳ አልወጣችም። ሰብሊ በሩን ገፋ አድርጋ፣ ምነው ዛሬ፣ ምሳው ሊበርድ ነው፣ አትመጪም እንዴ፣ አልራበኝም፣ አመመሽ እንዴ፣ አላመመኝም። ሰባት፣ ደህና። ስምንት፣ ደህና። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ መዝገቡ ይሠራል፣ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ብረቱ ያውቀናል።

ዘጠኝ። ይመጣሉ፣ አቶ አንዷለም የርክክብ ቅጽ ይዘው፣ ተስፋው ከነሁለት ስልኩ፣ ሰብሊ ማህተም ይዛ። ምሕረት ታሳያቸዋለች፣ ፎቶውን፣ ሰዓቱን የጻፈችበትን ወረቀት፣ አንዴ ነቅላ አንዴ ሰክታ። ተስፋው፣ ቆይ ቆይ፣ የኔ ፎርማት ነው የያዘው፣ ዘግይቶ ነው የሚሠራው፣ ይላል፣ ዘግይቶ የሚሠራ ፎርማት! አቶ አንዷለም መቀበያዋን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ፣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ እንግዲያስ ቅጹ አያስፈልገንም፣ በሥራሽ ቀጥይ፣ እኔም እኮ ለእረፍትሽ ብዬ ነበር። ያስፈልገናል ጌታዬ፣ አንድ የሚመዘገብ ንብረት አለ፣ ትላለች፣ ቅጹን ከእጃቸው ተቀብላ። ሰብሊ፣ እሰይ፣ እልል፣ ልታቅፋት እጇን ዘርግታለች፣ ዓይኗ ግን፣ ለአንድ አፍታ፣ ወደ ጠረጴዛው ሥር። ምሕረት ያቺን አፍታ አየቻት።

ትጽፋለች፣ በዚያ በሚታወቀው ድቡልቡል የሪከርድ ጽሕፈቷ። የዕቃው ዓይነት፣ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ የተቋጠረ። ብዛት፣ አንድ። ሁኔታ፣ ያገለገለ። አስረካቢ፣ ምሕረት ቢያዝን። ተረካቢ የሚለውን ባዶ ትተወዋለች። ቋጠሮውን ቅጹ ላይ ታስቀምጥና ወደ ሰብሊ ትገፋዋለች። ሰብሊ ፊቷ ይቀላል፣ ላንቺው ብዬ ነው እኮ ምሕረትዬ፣ በማርያም፣ ዓይን እንዳይነካሽ ብዬ።

ለእኔ ከሆነ አንገቴ ላይ ታስሪልኝ ነበር፣ ትላለች ምሕረት። እስክሪብቶውን ታቀብላታለች። ፈርሚ።