ያልተመረቀው መኪና

ከከሚሴ ወዲህ ያለችው ከተማችን የእሳት አደጋ መኪና ባገኘች ዕለት እሳቱም መጣ። በሰዓቱ የተገኘ እሱ ብቻ ነበር። የክብር እንግዳው በሦስት ሰዓት ይደርሳሉ ተብሎ አምስት ሰዓት አልፏል።

መኪናው ኳስ ሜዳው ላይ ታጥቦ፣ ውሃ ተሞልቶ፣ ለሰንበቴ ገበያ እንደተዋበ ሰንጋ ቆሟል። ዙሪያውን ሪባን ታስሯል። ሪባኑን ያሰረው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሣህሌ ነው፤ ከሪባኑ ማዶ እንዳናልፍ የከለከለንም እሱ ነው።

ገበሬዋ ዘይቱና እየሮጠች የመጣችው ያን ጊዜ ነው።

“ኢቢዳ! ያ ረቢ፣ ኢቢዳ! ማሽላዬ ነደደ!”

አውድማዋ ከሜዳው በታች፣ የጨፋ ረግረግ መግቢያው ላይ ነው። ጎረቤት ቃርሚያ ሲያቃጥል ነፋስ እሳቱን ወደ ክምሯ አመጣው። ያላት ሁለት ክምር ነው፤ ስድስት ነፍስ እስከ መጪው ታኅሣሥ የሚበላው እሱን ነው።

“አይተናል፣ እትዬ ዘይቱና” አለ አቶ ሣህሌ። “ጭሱ ይታያል።”

“ካያችሁ ታዲያ?”

“መኪናው ገና አልተመረቀም።”

“እሳቱስ ተመርቆ ነው እንዴ የመጣ?”

ሾፌሩ ሲራጅ ቁልፉን አወጣ። “ጋሼ ሣህሌ፣ ሪባኑን ልፍታውና ደርሼ ልምጣ። መልሼ አስረዋለሁ።”

“ጎማው ቢቆሽሽስ?”

“በታኅሣሥ ምን ጭቃ አለ?”

“አመድ አለ” አለ አቶ ሣህሌ። የመርሐ ግብሩን ወረቀት ገለጠና በትዕግሥት አስረዳን፦ “እሳት ማጥፋት ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ነው። እኛ ገና አንድ ላይ አልደረስንም።”

ዘይቱና ምራቋን መሬት ላይ እንትፍ ብላ ተመለሰች።

ወንድሟ ሙሀመድኑር ጎረቤቱን ሰብስቦ ደርሶ ኖሯል። አንደኛውን ክምር ለእሳቱ ተዉለት። በሁለቱ መሀል ያለውን ገለባ ጠርገው፣ አፈሩን ቆፍረው እያለበሱ፣ በእርጥብ ቅጠል እየደበደቡ ሁለተኛውን አዳኑት። የሙሀመድኑር ቅንድብ ተቃጥሏል። ዘይቱና የዳነውን ክምር በእጇ እየዳበሰች “አልሐምዱሊላህ” ትላለች።

እንግዳው በስድስት ተኩል ደረሱ። ሪባን ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ፤ ንግግር ተደረገ፤ ደግሞ ተጨበጨበ። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ሊነድ የተዘጋጀ አሮጌ ጎማ ነበር። እንግዳው ግን ወደ ታች ጭሱን አይተው፣ “እውነተኛ እሳት እያለ ጎማ ለምን እናቃጥላለን?” አሉ። ብልህ ሰው ናቸው ተባለ።

መኪናው እየጮኸ ወረደ። አውድማው ላይ የሚነድ ነገር የለም። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ግን ተዘጋጅቶ ቆሟል።

“ውሃውን ወደ ቆመው ክምር!” አለ አቶ ሣህሌ።

“ኧረ ይሄ ደህና ነው!” ሙሀመድኑር እጁን ዘርግቶ ክምሩ ፊት ቆመ።

“ለጥንቃቄ ነው፤ ዞር በል!”

“እኔ ሾፌር ነኝ” ብሎ ሲራጅ የመኪናውን ጎማ ማየት ጀመረ። አቶ ሣህሌ ቱቦውን ራሱ ያዘ። ከዚያ በፊት ይዞ ስለማያውቅ መጀመሪያ ሙሀመድኑርን አጠበው፤ ከዚያ ክምሩን ከአናቱ እስከ ሥሩ አራሰው። እንግዳው አጨበጨቡ። ውሃው ሲያልቅ ሄዱ።

ዘይቱና ማሽላውን አሰጣችው፣ ገለበጠችው። የላዩ ሲደርቅ የውስጡ ሞቀ፤ በሳምንቱ በቀለ። አቶ ሣህሌ የምስጋና ደብዳቤ ሊያስፈርማት ሲመጣ አየውና ደስ አለው።

“ብቅል ሆኖልሻል እኮ! ለጠላ ሽጪው፣ ይፈለጋል።”

“ይህ አውድማ ቢስሚላህ የተባለበት ነው፤ ለስካር እህል አላወጣም። ላሞቼ ይብሉት።”

“ልጆቹስ ምን ሊበሉ?”

“ወንድሜ ይሰፍርልኛል። እሱ ቅንድቡን የሰጠ ሰው ነው።”

ደብዳቤውን ሳታነብ መለሰችለት።

“አቶ ሣህሌ፣ በአላህ ይሁንብህ፤ ሌላ ጊዜ ከኔ ቤት ጭስ ካያችሁ፣ እዛው ቁሙልኝ።”