የቀትር ወንበር

ባሌ ፍቅረ ማርያም መኪና ገዛሁ ብሎ የመጣ ዕለት አበደ አልኩ። ጡረታ ወጥቶ ቤት የተቀመጠ ሰው መኪና ምን ያደርግለታል? ያውም ሌላ ሰው ሲነዳት የኖረች የኤሌክትሪክ መኪና።

«ድምፅ የላትም» አለኝ እየሳቀ። «ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ሲጮህብኝ ኖርኩ፤ አሁን ዝም የምትል ገዛሁ።»

እኔ ዝም የማልለዋ ሚስቱ የልቤን ነገርኩት። አልሰማኝም።

አሰገደች እባላለሁ። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ትኬት ስቆርጥ ነው ያረጀሁት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ መወሰን ደሜ ውስጥ ገብቷል። ፍቅሬ ደግሞ እዚያው ጥገና ክፍል ነበር፣ ከጎረቤታችን ከሸምሶ ጋር። ሁለቱ ያልፈቱት ብሎን የለም። ይህን ያዙልኝ፤ መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

ግንቦት ላይ ድሬ ምን እንደምትመስል ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ይፈልጋል፣ ከተማው በሙሉ ጋደም ይላል። እኛ ሳቢያን ሰፈር ያለነው ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንገላበጣለን እንጂ አንተኛም። ቬንትሌተሩ መብራት ሲኖር ትኩስ አየር ያዞራል፤ መብራት ሲሄድ ያንንም አያዞርም። አንድ ቀን ምሳ በልተን ፍቅሬን አጣሁት። ብፈልገው፣ ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር፣ መኪናዋ ውስጥ ወንበሩን ዘርግቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። የሞተ መስሎኝ በሩን ስከፍት የሐረር ብርድ ፊቴን መታኝ። ለካስ ኤሲው እየሠራ ነው፤ ሞተር አይጮህ፣ ጭስ የለ።

«ዝጊው፣ ብርዱ ይወጣል!» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ዘጋሁት፤ ከውስጥ ሆኜ።

የሸምሶ ሚስት ዚነት ጎረቤቴ ብቻ አይደለችም። ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ልጆቻችን አንድ ላይ አድገው አንድ ላይ ከእጃችን ወጥተዋል። የእሷ ረመዳን የእኔ፣ የእኔ ፋሲካ የእሷ ነው። ደም ግፊቷ ከበረታ ወዲህ ሐኪሙ በቀትር ቀዝቃዛ ቦታ ተኚ ብሏታል። ቀዝቃዛ ቦታ፣ ድሬ ላይ! «ፍሪጅ ውስጥ ልግባለት?» ብላ አስቃኝ ነበር። እናም በማግስቱ እጇን ይዤ አመጣኋትና የፊተኛውን ወንበር ሰጠኋት። አንደኛ ማዕረግ ለዚነት፣ መሪው ጋ ፍቅሬ፣ ከኋላ እኔና ሸምሶ። ሸምሶ የጫት ፌስታሉን አንጠልጥሎ ሊገባ ሲል በሩ ላይ አስቆምኩት።

«በዚህ ባቡር ጫት አይጫንም።»

«አቦ አሰገዱ፣ አታካብጂ!»

ጥቂት ተንገራገረ። ከውስጥ የሚወጣው ብርድ ግን ፊቱን ሲነካው ፌስታሉን ኒሙ ላይ ሰቅሎ ገባ። ዚነት ወላሂ ተአምር ነው አለች። ከዚያ በኋላ እየተኛች፣ እያማረባት ሄደች። እኔም መኪናዋን መስደብ ተውኩ።

አንድ ቀትር ላይ የኤሲው ትንፋሽ ሞቀ። ጤነኛ ሰው ቢሆን ወደሚያውቅ ሰው ይወስዳታል። እነዚህ ግን የባቡር ሰዎች ናቸው፤ የገዛ እጃቸው እያለ ለሌላ ሰው መኪና መስጠት ውርደት ይመስላቸዋል።

«ኮምፕረሰር የትም ኮምፕረሰር ነው» አለ ሸምሶ፣ ብርዱን የሚሠራውን ዕቃ ማለቱ ነው።

«ስንቱን ሎኮሞቲቭ አንስተን አስቀምጠን!» አለ ፍቅሬ።

የት እንደሆነ ሳይነግሩኝ ሄደው የኤሲውን ጋዝ አስሞሉ፤ ለቤንዚን መኪና የሚሆነውን የኮምፕረሰር ዘይት ገዝተው በገዛ እጃቸው ጨመሩበት። ለጥቂት ቀን እንደ በረዶ ቀዘቀዘች። ሁለቱም ደረታቸውን ነፍተው ሰፈሩን ዞሩ። ከዚያ አንድ ጠዋት መኪናዋ ቀይ ምልክት አብርታ አልንቀሳቀስም አለች።

የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግነው ኒቆዲሞስ መጥቶ ከፍቶ አየና «ማነው የነካው?» አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች የኒሙን ቅጠል አንጋጠው ያያሉ።

«የቤንዚን መኪና ኮምፕረሰር በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶው ነው የሚዞረው» አላቸው። «የዚህ የራሱ ሞተር ውስጡ አለ። ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆን አለበት። እናንተ የጨመራችሁት አበላሽቶታል።»

ኮምፕረሰሩን ከመስመር አላቅቆ አስነሳት፤ ትሄዳለች፣ አታቀዘቅዝም። የአዲሱን ዋጋ ሲነግረን ግን ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። የመኪናዋን ሩብ ያህል ነው።

«በዚህ ብር ሌላ ባል ይገኝ ነበር» አልኩ።

«እንደኔ ያለ አይገኝም» አለ ፍቅሬ፣ ግን አንገቱን ደፍቶ ነው።

ለኮምፕረሰሩ ብር ሠራተኛ አመላልስባት ስለው እሳት ጎረሰ። ባቡር የጠገነ ሰው ታክሲ አይነዳም አለኝ። እሺ፣ ቁጭ ብለህ እያት ብዬ ተውኩት።

ቀትሩ ግን አልተወንም። በዚያው ሳምንት ዚነት ደጃፏ ላይ ራሷን አዞራትና ወደቀች። ክፉ አላገኛትም፤ ውሃ ረጭተን አነሳናት። ወሬው ሐረር ካገባችው ልጇ ከዩሩብ ዘንድ ደረሰ፤ ልጅቷም ስልኩ ውስጥ እያለቀሰች ተቆጣች። «ወሩ ሲያልቅ መጥቼ እወስዳታለሁ። ሐረር አየሩ ጥሩ ነው፤ ከእንግዲህ እዚሁ ትኖራለች።» ምን ይባላል? ልጅ ናት፣ እውነቷን ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ የእኔ ቅርብ እሷ ነበረች። ጠዋት ግድግዳውን ኳ ሳደርግ የሚመልስልኝ እንደማይኖር አሰብኩና፣ ሰው እንዳያየኝ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

ፍቅሬ አየኝ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ቁልፉን አንስቶ ወጣ።

ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ የሰፈር ልጆች ኮንትራት ያዙት። ማለዳ ነፋሻ ነውና ኤሲ የሚጠይቅ የለም፤ መስኮቱን ከፍቶ ያደርሳቸዋል፣ ማታም ይመልሳቸዋል። እዚህ ላይ ያበገነኝ ሸምሶ ነው። ረዳት ነኝ ብሎ ፊት ወንበር ላይ ተሰይሟል! መኪናዋ ሞልታም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «መልካ ጀብዱ! መልካ ጀብዱ!» እያለ የፓርኩን ሰፈር ይጣራል።

«አንድ ሰው የሚከፍልበትን ወንበር በነፃ ይዞ ይሄዳል እኮ!» አልኩት ባሌን። «ትኬት የለውም፣ ይውረድ!»

«ያለሱ አልነዳም» አለኝ። «አብረን ነው ያበላሸነው።»

ስንት ዓመት ትኬት ስቆርጥ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ዝም አልኩ። ተመዝግቦ ይያዝልኝ።

ኒቆዲሞስ ደግሞ አዲስ አበባ አፈላልጎ፣ ከተጋጨ መኪና የወጣ ደህና ኮምፕረሰር በግማሽ ዋጋ አገኘ፤ ፍቅሬ ያጠራቀመው ብርም በቃው። ተጭኖ ድሬ የገባው ግን ዩሩብ ከሐረር በመጣችበት በዚያው ቀን ነው። ዚነት ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ ተቀምጣለች፤ እኔን አታየኝም፣ እኔም አላያትም። ዩሩብ ከምሳ በኋላ በሚወጣው ሚኒባስ ልትወስዳት ነው። ኒቆዲሞስ በአምስት ሰዓት መፍታት ጀምሮ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን መፍቻውን አስቀምጦ እጁን ጠረገ።

«በቃ፣ አሥር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ።»

«የት ልትሄድ?»

«ልተኛ ነዋ! በቀትር ማን ይሠራል?»

እውነቱን ነው። ድሬ ላይ በቀትር ሥራ ሥሩልኝ ማለት ስድብ ነው፤ እኔም ብሆን ትኬት መስኮቴን በቀትር ለንጉሥም አልከፍትም ነበር። ሻንጣውን አየሁና ግን እፍረቴን ዋጥኩት።

«ኒቆዬ፣ የኔ ልጅ፣ ዛሬ ጨርስልኝ። ስትጨርስ እዚሁ ውስጥ ትተኛለህ። የኔን ወንበር እሰጥሃለሁ።»

ሸምሶ ደነገጠ። ወንበሬን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ኒቆዲሞስ መኪናዋን አየ፣ ፀሐዩን አየ፣ ከዚያ መፍቻውን አነሳ። «ሀዬ፣ እሺ እናቴ።» ፍቅሬና ሸምሶ ጃንጥላ ይዘው ከላዩ ቆሙ። እንዳትነኩ ስላልኳቸው ጃንጥላውን እንኳ በፍርሃት ነበር የያዙት።

ዩሩብ ሰዓቷን ደጋግማ ስታይ ኤሲው ተነፈሰ። መጀመሪያ የሞቀ፣ ቀጥሎ ለብ ያለ፣ ከዚያ ያ የማውቀው ብርድ። ዚነትን ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት።

«እስቲ አንቺም ግቢና እናትሽ የት እንደምትተኛ እዪ» አልኳት ዩሩብን።

«እትዬ አሰገዱ፣ ሚኒባሱ…»

«አንድ ደቂቃ ነው። ብርዱ ይወጣል፣ ግቢ!»

ገባች። ከኋላ ኒቆዲሞስና ሸምሶ፣ መሃላቸው እሷ፣ ፊት ፍቅሬና ዚነት። አምስት ወንበር፣ አምስት ሰው፤ ሞላ። እኔ ውጭ ቀረሁ። ኒሙ ሥር ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ በነጠላዬ ጫፍ ላቤን እየጠረግኩ በመስታወቱ አየኋቸው። ኒቆዲሞስ ወዲያው ተኛ። ዩሩብ ለእናቷ አንድ ነገር እያወራች ነበር፤ ንግግሯ እየተቆራረጠ ሄዶ ራሷ ሸምሶ ትከሻ ላይ ወደቀ። ልጅቷም እኮ ደክሟታል፤ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ፣ በዚያ ሙቀት። ሚኒባሱ ጥሩንባውን ነፍቶ ሄደ። አልቀሰቀስኳትም። ይህን ኃጢአት ለንስሐ አባቴም አልነግርም።

ከዐስር ሰላት በኋላ ዩሩብ ደንግጣ ነቃችና በሸምሶ ላይ ተንጠራርታ በሩን ከፈተች። «ስንት ሰዓት ሆነ? ሚኒባሱስ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ዚነት ዓይኗን ሳትገልጥ ከፊት ተናገረች። «ዝጊው ልጄ፣ ብርዱ ይወጣል።»

ዩሩብ እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ በሩን ዘጋችው፤ ከውስጥ ሆና።

እኔም ተነስቼ ሻንጣውን ተሸከምኩና ወደ ዚነት ቤት መለስኩት። ቤቱ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ድርያ ቀሚሶቿን አንድ በአንድ አውጥቼ ሰቀልኳቸው።