በረኪና ያላስለቀቀው

በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የምትሠራ ሴት አለች፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «በረኪና» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በሁለት ምክንያት ነው፤ እጇ የነካው እድፍ አይተርፍም፣ ምላሷ የነካው ሰውም አይተርፍም። ወይን የተደፋበት የጠረጴዛ ልብስ፣ ሊፒስቲክ የጠገበ ትራስ፣ ሌላው ተስፋ የቆረጠበት ሁሉ እሷ ጋ ይመጣል። እሷም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ማነው ደግሞ ይሄን ጉድ የሠራው?» ብላ ትሰድብና፣ እንደ አዲስ አድርጋ ትመልሰዋለች።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት አንገቷን ደፍታ የከረመችው።

ነገሩ ከብልቷ የሚወጣ ፈሳሽ ነበር። የወትሮውን ፈሳሽማ የማታውቅ ሴት የለችም፤ ነጣ ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ መጥቶ የሚሄድ። ይሄኛው ግን በዛ፣ ግራጫ መሰለ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እንደ ዓሣ ይሸት ጀመር። በረኪና ታዲያ ምን አደረገች? የምታውቀውን አደረገች። በሳሙና አጠበችው። አልለቅ ሲላት ጠንካራውን ሳሙና አመጣች። እሱም እምቢ ሲል በጨው፣ ቀጥሎ በአቸቶ፣ እስከ ውስጥ ድረስ፣ ጠዋትና ማታ። አንድ ቀን የእውነተኛውን በረኪና ጠርሙስ እንኳ አንስታ ስታየው ቆይታ ነበር፤ እግዜር ነው ያተረፋት! ባጠበች ቁጥር ለጊዜው ደህና ይሆንና ብሶበት ይመለሳል። አሁን ደግሞ ማቃጠል ጨመረ። ሞኝ ሆና አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ በሳሙና ሲያሸንፍ ለኖረ ሰው፣ ሽታ በመጣ ቁጥር የሚታየው ሳሙና ነው።

ሐኪም ቤት ለመሄድማ ምድር ትዋጠኝ አለች። ያቺ ምላስ፣ ያቺ ሆቴሉን ሁሉ የምታንቀጠቅጥ ምላስ፣ ለዚህ ጊዜ ታሰረች።

ባሏ መካኒክ ነው፤ ሳቂታ፣ ሲቀልድ ውሎ ቢያድር የማይደክመው ሰው። መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጠችው። ቀጥላ «ወገቤን አሞኛል» ብላ ሳሎን ወለሉ ላይ አነጠፈች። ጭራሽ እራት ሲበሉ አጠገቡ መቀመጥ ተወች።

«ምን አጠፋሁ?» ይላታል።

«ምንም። ደክሞኝ ነው።»

ሐሙስ ማታ ሰውዬው ሻንጣ አውጥቶ ልብሱን ይከት ጀመር። ሩቅ ከተማ ያለ ጋራዥ የዓመት ሥራ ሰጥቶታል፤ ቅዳሜ ጠዋት መኪና ይወስደዋል።

«ምን አስቸኮለህ?» አለች።

«አንቺ ሴት፣ ከቤቴ ሳለሁ ካስጠላሁሽ ብሄድ አይሻልም?» አለ። የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው ሳይስቅ ሲያወራ ስታየው።

አፏን ከፈተች፤ እፍረቱ መልሶ ዘጋው። «እንደፈለግህ» አለች። አይ የሰው ነገር! ሆዷ «አትሂድብኝ» እያለ አፏ «እንደፈለግህ» ይላል። ሌሊቱን ሳሎን ወለሉ ላይ ሆና ትራሷን ስትነክስ አደረች።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ስትገባ ነገር ጠበቃት። አዲስ የተቀጠረችው ሴት፣ ደም የነካው አንሶላ ላይ የፈላ ውሃ ልትገለብጥ ባልዲ አንስታለች።

«ተይ! አስቀምጪው!» ብላ ጮኸች በረኪና። «ደም በሙቅ ውሃ ይበስላል እኮ፣ ከዚያ ማን ያስለቅቀዋል? እድፉ ምን እንደሆነ ሳታውቂ ውሃም ሳሙናም አትንኪ! መጀመሪያ ምንነቱን እወቂ። ካላወቅሽ አፍ የለሽም? ጠይቂ!»

አዲሷ ሴት ባልዲዋን አስቀመጠች። «መጠየቅ አፍሬ ነው፣ እትዬ።»

በረኪና ልትመልስ ስትል የራሷ ቃል ዞሮ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ምንነቱን ሳታውቂ ሳሙና አትንኪ። ስንት አዲስ ተቀጣሪ በዚህ ቃል አስለቅሳለች! ስለ ራሷ ገላ ግን ማንን ጠየቀች?

«በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊው» አለችና ሽርጧን ፈታች። ጨርቄን ማቄን ሳትል ወጣች። የክፍሉ ኃላፊ፣ ጥርሷ ታይቶ ስለማያውቅ «ፈገግታ» የሚሏት ሴት፣ «ወዴት ነው?» እያለች በሩ ላይ ቀረች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኘቻት አዋላጅ ነርስ ወጣት ናት። በረኪና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ያው... ጎረቤቴ ፈሳሽ አስቸግሯት ነው፣ ይሸታል ትላለች...»

«ጎረቤትሽን ልመርምር ወይስ አንቺን?» አለች ነርሷ።

በረኪና ሳታስበው ሳቀች፤ ከሳቁ ጋር ሁሉም ነገር ወጣ፤ ቀለሙም፣ ሽታውም፣ ጨውም፣ አቸቶም።

ነርሷ መረመረቻት፤ ከፈሳሹ በጥጥ ወስዳ ላቦራቶሪ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ እንዲህ አለቻት፤ «በመጀመሪያ፣ ቆሻሻ አይደለሽም። ብልታችን ውስጥ የሚጠብቁን ጥሩ ጀርሞች አሉ። እነሱ ሲያንሱ ሌሎቹ ይፈነጩና ሽታው ይመጣል። አንቺ ደግሞ በሳሙናና በአቸቶ ጠባቂዎችሽን ፈጀሻቸው።»

«እኔው?»

«አንቺው። ውስጡ ራሱን በራሱ ያጸዳል፣ እህቴ። የሚታጠበው ውጪው ብቻ ነው፣ እሱም በውሃ።»

«ባሌ ያመጣብኝ ነገር አይደለም?»

«ይሄኛው የአባላዘር በሽታ አይደለም። እነሱንም መርምሬሻለሁ፣ የሉብሽም። ይሄን መድኃኒት እስኪያልቅ ዋጪ፣ ተሻለኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ።»

«ሌላ ጊዜስ? የቱ ሲሆን ልምጣ?»

«የጠራ ወይ ነጣ ያለ፣ ሽታ የሌለው ከሆነ የጤና ነው፤ በወሩ ውስጥ ቢወፍርም ቢቀጥንም አትደንግጪ። ቢጫ ወይ አረንጓዴ ከሆነ፣ ከሸተተ፣ እንደ አይብ ተቋጥሮ ካሳከከሽ፣ ሽንት ካቃጠለሽ፣ የወር አበባሽ ጊዜ ሳይሆን ደም ካየሽ ነይ። የየአንዳንዱ መድኃኒት ስለሚለያይ የሰው ክኒን አትዋጪ። ከእምብርትሽ በታች ካመመሽና ትኩሳት ካለሽ ግን ዛሬ ነገ የለም፣ በዚያው ቀን ነይ። እርጉዝም ብትሆኚ አትቆዪ።»

በረኪና ከዚያ ቤቷ አልሄደችም። እየሮጠች ጋራዥ ገባች። ባሏ ሚኒባስ ሥር ተኝቷል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ጎንበስ ልትል አለችና ተወችው። ለእግር መናገር ይቀላል።

«እዚያው ሆነህ ስማኝ፣ እንዳትወጣ። አንተ አላስጠላኸኝም። ፈሳሽ ነበረኝ፣ ይሸታል፣ እንዳይሸትህ ብዬ ነው የሸሸሁህ። በሽታ ነው፣ መድኃኒት አለው፣ ይኸው ይዣለሁ። አሁን መሄድ ከፈለግህ ሂድ። አትሂድብኝ ግን።»

ከዚያ ሰውዬው ፊቱ በግሪስ እንደጠቆረ ተንፏቆ ወጣ።

«ናፍታው መስሎኝ!» አለ።

«የምን ናፍታ?»

«ናፍታ ናፍታ ሸትቼሽ የሸሸሽኝ መስሎኝ! ያንን ጠንካራ ሳሙናሽን እየሰረቅሁ ስፋተግ ነው የከረምሁት። ቆዳዬ አለቀ እኮ!» ክንዱን ገልጦ አሳያት፤ እውነትም ተልጧል።

ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ እሷ የምሯን አለቀሰች፤ እሱም አቀፋት፤ ሽርጥ ስላልነበራት ቀሚሷ በግሪስ ተለቀለቀ፤ ደንታም አልሰጣት። ሰውዬው ለሩቁ ጋራዥ ደውሎ «ነገ እንዳትመጡ፣ ሚስቴ አልለቅህም ብላለች» ሲል ድምፁ ጋራዡን ሞላው።

መድኃኒቱ አለቀ፤ ሽታውም ሄደ። ምላሷ ግን ታስሮ የከረመበትን ሊያካክስ ተነሣ። አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዷ በማሽኖቹ ጩኸት ላይ እየጮኸች ለአጠገቧ ሴት ስለ ጤና ጣቢያው ስታወራ፣ ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ላይ ቆሙ፤ መብራት ጠፋ። «...እንደ ዓሣ ይሸት ነበር፣ አሁን ድኛለሁ!» ያለችው ክፍሉን ሞላው።

በረኪና ፊቷ ቀላ፤ ግን አንገቷን አልደፋችም። «አዎ፣ እኔ ነኝ! ደግሞስ ምን ይሁን? እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ካለባችሁ ተናገሩ!»

አዲሷ ሴት ናት የቀደመችው። «የእኔ ቢጫ ነው። ከሰሞኑ ደግሞ ከእምብርቴ በታች ያመኛል፣ ትናንት አተኮሰኝ።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ተነሺ!» አለች በረኪና፣ ባሏን ልትጠራ ስልኳን እያወጣች።

«ቆዩ» አለች ፈገግታ ከጠረጴዛዋ ኋላ። ሁሉም ዞረ። «መብራት እስኪመጣ ሥራ የለም። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ያሳክከኛል፤ ከረመ።» ይሄን ብላ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አሳየች።

መካኒኩ ጠግኖ የጨረሰውን ሚኒባስ ይዞ ከች አለ። ሴቶቹ እየተገፋፉ ገቡ። በሩ ላይ ዘበኛው «ኧረ ሁላችሁም ወዴት ነው?» ቢል፣ ፈገግታ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ለፈሳሽ!» አለችው።

ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ነርሷ ሰልፉን አይታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ደግሞ ዛሬ ስንት ጎረቤት አመጣሽልኝ?»

«ጎረቤት የለም» አለች በረኪና። «ሁሉም ለራሷ ነው የመጣችው። ሆዷን የሚያማት ትቅደም።»

አዲሷ ሴት ገብታ ቆየች። ስትወጣ መድኃኒቷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል። «በጊዜ ነው የደረስሽው አለችኝ፣ እትዬ። ዛሬ ባልመጣ ብሶ አልጋ ያስይዘኝ ነበር።»

በረኪና አቀፈቻት። መካኒኩ ከመሪው ኋላ ሆኖ ጡሩንባውን ለቀቀው፤ እሷም ለዛሬ እንኳ «ዝም በል!» ብላ አልሰደበችውም።