የጋሽ ዘመነ ሬዲዮ

«እዚህ ሰው አለ?» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ከአንዱዓለም ቀኝ ያለውን ባዶ ወንበር እያዩ።

«የለም፣ ይቀመጡ አባቴ።»

ሽማግሌው ግን መልኩን ለዩትና «አይ፣ እዚያ ጠጋ ልበል» ብለው ወደ ድንኳኑ ጥግ አለፉ።

ከቀብሩ ጀምሮ እንዲህ ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ የኮሌጁን እግር ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ጋሽ ዘመነን ቀብሮ ሲያበቃ ረዳታቸውን አንዱዓለምን ደግሞ በቁሙ ሊቀብረው የተነሣ ይመስላል። የኮሌጁ ተጫዋቾች ንፍሮ ሲያዞሩ አንዱዓለም ዘንድ ሲደርሱ ትሪውን ዘርግተው ፊታቸውን ያዞራሉ። «ሬዲዮው» እያሉ ሲንሾካሾኩም ይሰማል። ስሙን ያወጡለት ኳስ ተመልካቾች ናቸው፤ ቡድኑ በተጫወተ ቁጥር ከጋሽ ዘመነ ጆሮ ሥር ተለጥፎ ሲለፈልፍ ስለሚውል ነው። ጋሽ ዘመነን ከልጃቸው ያቃቃራቸውም ይኸው ወሬው ነው ይላሉ። እውነትም ይለፈልፍ ነበር። አሁንም ቢሆን አመሉ አልለቀቀውም። «በረኛችን ገና አልደረሰም፣ ከወገዳ መኪና አላገኘም» ሟቹ አጠገቡ ያሉ ይመስል ሊላቸው አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል።

ከፊት፣ ከእናቱ ከእትዬ ሙሉነሽ ጎን፣ ደሳለኝ ተቀምጧል። የጋሽ ዘመነ አንድ ልጅ ነው፤ ቀድሞ በአባቱ ቡድን ውስጥ ይጫወት ነበር። ከባሕር ዳር የመጣው አባቱ ካረፉ በኋላ ነው፤ ነገ ይመለሳል። አንዱዓለም ለዚህ ልጅ የሚነግረው ነገር አለው። ነጋሪው ግን እሱ መሆን አልነበረበትም።

ጋሽ ዘመነ ረዳት አይበረክትላቸውም ነበር። አንዱን «እሺ» ብቻ ስለሚል፣ ሌላውን ወንበራቸውን ስለሚመኝ አሰናበቱት። አንዱዓለምን የወደዱት ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ነው። የቡድናቸው ግብ ተሽሮ ሜዳው በሙሉ በዳኛው ላይ ሲጮህ ወደ እሱ ዞረው «አንተስ ምን አየህ?» አሉት።

«ልጃችን ከጨዋታ ውጪ ነበር።»

«በል፣ ከእኔ አትራቅ።»

ያኔ ዓይናቸው መድከሙን አላወቀም። ያወቀው ቆይቶ፣ በልምምድ ላይ፣ የግቡን ቋሚ «አንተ ልጅ፣ ምን ይገትርሃል? ወደ መሐል ግባ እንጂ!» ብለው ሲቆጡት ነው። አንዱዓለም ሣቀ። እሳቸው ግን አልሣቁም።

«ሩቁ ጉም፣ ጎንና ጎኑ ጨለማ ሆኖብኛል» አሉት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ። «ኮሌጁ ከሰማ ያሰናብተኛል። አንተ እያየህ ንገረኝ፣ እኔ እወስናለሁ። አትጨምር፣ አትቀንስ። ለማንም እንዳትተነፍስ። ለደሳለኝ ራሴ ነኝ የምነግረው።»

ሬዲዮው ሥራ የጀመረው ያን ቀን ነው። ሰው ሰላም ሊላቸው እጁን ሲዘረጋ አንዱዓለም ክርናቸውን ነካ ያደርጋል፣ እሳቸውም እጃቸውን ይሰጣሉ። ማንም አልነቃባቸውም። አንዱዓለምን በዕድሜው እንደዚያ አምኖት የሚያውቅ ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ደሳለኝ ተነሣና መጥቶ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ለምን መጣህ?» አለው ወደ እሱ ሳይዞር።

«ማዘን አይገባኝም?»

«ደብረ ታቦር ላይ ያደረግኸውን ረሳኸው? በአባቴ ጆሮ ሹክ አልኸው፣ ከሜዳ አስወጣኝ። ይሁን፣ እሱን ተውኩት። ስወጣ ግን እጄን ብዘረጋለት ዝም ብሎ ሜዳውን አየ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ እጄን ዘርግቼ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ስልኩን በምን ሆዴ ላንሣለት?»

አንዱዓለም ቃል ሰጥቷል። ቃል ያስገቡት ሰው ግን ከእንግዲህ ለልጃቸው ምንም አይነግሩም፤ ልጁም ነገ ይሄዳል።

«አላዩህም» አለ።

«ምን?»

«እጅህን አላዩትም። አባትህ ዓይናቸው ደክሞ ነበር ደሳለኝ። ኳሱንም አያዩት። እያየሁ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። እግርህን እየጎተትህ ነበር፣ እሱንም ነገርኳቸው። ሰው እጁን ሲዘረጋላቸው ክርናቸውን የምነካውም እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ቅያሪውን ላስመዘግብ ወደ ዳኛው ሄጄ ነበር። ዞር ስል እጅህ ተዘርግቶ አየሁት። አጠገባቸው አልነበርኩም።»

ደሳለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ዞረ።

«መዘርጋቴን ሰምቷል?»

«ስንመለስ መኪናው ላይ ነገርኳቸው። ስልክ ይደውሉልህ የነበረውም ይህንኑ ሊነግሩህ ነው።»

ደሳለኝ ከቀብሩ ጀምሮ አላለቀሰም ነበር። አሁን ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። አንዱዓለምም ከአጠገቡ አልተነሣም።

በረኛው አዳሙ ከወገዳ ገና መድረሱ ነው። የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ ወደ ድንኳኑ ገባና ቀጥ ብሎ ወደ እነሱ መጣ።

«እግዜር ያጥናህ ወንድሜ» ብሎ እጁን ለደሳለኝ ዘረጋ።

ደሳለኝ ፊቱ እንደተሸፈነ ነው፤ አላየውም። አዳሙ እጁን እንደዘረጋ ቆመ።

አንዱዓለም የደሳለኝን ክርን ነካ አደረገው። ደሳለኝ ቀና ሳይል እጁን ሰጠ።